የአቶ ይርሳው ከብት ስንት ነው?

የሳጉሬው ገበሬ አቶ ይርሳው አሰላ ሲመጡ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ በር ማለፍ አይወዱም። መንገዱ ቢረዝምባቸውም በገበያው ዞረው ይሄዳሉ። ያን ቀን ጠዋት ግን ጭንቅ ይዟቸው መንገድ መምረጡን ረሱት። የጎረቤታቸው የቱፋ በሬ ትናንት በአፍንጫው ደም እያወጣ ድፍት ብሎ ሞቷል። አባ ሰንጋ ነው ተባለ። የእሳቸው ጥንድ በሬዎች፣ ቡሬና ዳለቻ፣ ከዚያ በሬ ጋር አንድ መስክ ላይ ሲግጡ ነው የከረሙት። እናም መድኃኒት አዋቂ ፍለጋ ሲገሰግሱ ከግቢው በር ላይ ከአንዲት ወጣት ጋር ተላተሙ።

ሰኪና ነበረች፣ የጎረቤታቸው የሁሴኖ ልጅ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ በግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል ከተቀጠረች ወዲህ አቶ ይርሳው «የሁሴኖን ልጅ ወረቀት በላት» እያሉ ያዝኑላት ነበር።

«አባባ ይርሳው፣ ምነው በደህና ነው?»

«ምን ደህና አለ ልጄ፣ አባ ሰንጋ ገብቶብናል።»

«ሰምተናል፤ አላህ ነው ያገናኘን። የከብት ሐኪሙ ዶክተር ግዛቸው ለክትባት ወደ እናንተ ሊወጣ መኪና እያስጫነ ነው።»

አቶ ይርሳው ተመስገን ብለው ሳይጨርሱ የልጅቷ ፊት ጠቆረ። «ግን አባባ፣ ለእናንተ ሰፈር የተመደበው ክትባት ለመንጋው ሩብ እንኳ አይበቃም።»

«ለምን? እኛ ምን በደልን?»

«ክትባት የሚመጣው በተመዘገበው ከብት ልክ ነው። የእናንተ ሰፈር ያስመዘገበው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ግድ ነው። በቆጠራው ሰሞን ሰፈሩን አስተባብረው ከብቱን ሁሉ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወዳለው ሸለቆ ያስነዱት ራሳቸው አቶ ይርሳው ነበሩ። በእነሱ ዘንድ ክፉ ነገር ይጠራል ተብሎ ስለሚፈራ የከብት ቁጥር በአፍ አይጠራም። ስንት ከብት አለህ የተባለ ሰው «ያሉት አሉ» ብሎ ያልፋል። መዝጋቢው ሲመጣም ከየበረቱ ያገኘው አንዳንድ የከሳች ላም ብቻ ነበር። ዓመት ሙሉ የኮሩባት ያቺ ብልሃት አሁን አስቆጨቻቸው።

«ያለ ምክንያት አልደበቅሁም» አሉ። «በጭቃ ሹሙ ጊዜ አባቴ ከብቱን አስቆጠረ፤ ወሩ ሳይሞላ ወይፈኑን ነድተው ወሰዱበት። የሚቆጥር ሁሉ ሊወስድ ነው የሚቆጥር።»

«ልክ ነዎት፣ ለመውሰድ የሚቆጥርም አለ» አለች ሰኪና። ይህን ከመንግሥት ሠራተኛ አፍ እሰማለሁ አላሉም ነበር። «እንዲያ ያለው ሰው ግን የጻፈውን አያሳይዎትም። እኛ ዘንድ ያለው ለጠየቀ ሁሉ ይነበባል። ይግቡና በዐይንዎ አይተው ይፍረዱ።»

«መኪናው ሳይነሣ ብቻ» አሉና ተከተሏት።

በኮሪደሩ የመጀመሪያው ክፍል የዝናብ መዝገብ ያለበት ነበር። አቶ ይርሳው ቆም አሉ። «ዝናብ ደግሞ እንዴት ይጻፋል?»

«በየጠዋቱ እየተለካ ነዋ። ውርጩም ሙቀቱም ይጻፋል።»

በዚያ ጭንቀት መሀል እንኳ ዐይናቸው በራ። «ገብሳችንን ውርጭ የበላው ዘማቾቹ ተማሪዎች በመጡበት ዓመት ነው ወይስ በማግስቱ ዓመት? ካባትሽ ጋር እስከ ዛሬ እንሟገትበታለን።»

የክፍሉ ሠራተኛ መዝገቡን ጥቂት ገላልጦ «በማግስቱ ዓመት ነው» አለ።

«በቃ ሁሴኖ ረታኝ» አሉ አቶ ይርሳው፣ ተሸንፈውም ደስ ብሏቸው። ከዚያማ ማን ይያዛቸው። ዋግ ያልነካው ስንዴ የትኛው እንደሆነ ከኢተያ ተጽፎ የመጣው መዝገብ ካለበት ክፍል ገቡ፤ ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ ላይ የትኛው ድልድይ እንደተሰነጠቀ የተመዘገበበትን ጠየቁ። «ይህን ሁሉ ለማን ነው የሚጽፉት?»

«ለእርስዎ ነው አባባ። ክትባት የሚልከው ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ቡሬንና ዳለቻን አያውቃቸውም። የሚያውቀው ቁጥራቸውን ነው። አንዲት ላም አለችኝ ካሉት ለአንዲት ላም ይልካል።»

«አሁን ብናገርስ?»

«ትርፍ ክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። ዶክተሩ የሚያወጣው ግን ባለቤቱ ራሱ ተናግሮ ሲፈርም ነው።»

ግቢው ውስጥ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ዶክተር ግዛቸው አንድ እግሩን መኪናው ላይ እንዳደረገ «አባት፣ ስንት ከብት አለዎት?» አላቸው።

አቶ ይርሳው «ያሉት...» ብለው ጀመሩና ዋጡት። አባታቸው ትዝ አሏቸው፤ ቡሬም ትዝ አላቸው። «አሥራ ሰባት» አሉ፣ «ከነጥጃው።» የሆነ ነገር እንዳይመጣባቸው ወዲያ ወዲህ አዩ። ምንም አልመጣም።

«የሰፈሩስ?»

«የሌላውን አልናገርም። ግን ክትባቱን ጫኑልኝ፤ ሸለቆ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የማስወጣውም እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ አስፈረማቸውና ሁለት ሣጥን አስጨመረ፤ አቶ ይርሳው ሣጥኖቹን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ከኋላ ተቀመጡ።

ሰፈሩ ሲደርሱ ሁሴኖ ሁለት ላም ብቻ ይዞ ቆሟል። ሐኪሙ ስንት ናቸው ቢለው «ያሉት አሉ» አለ። አቶ ይርሳው ገና ከመኪናው ሳይወርዱ በኦሮምኛ ተጣሩ። «ሁሴኖ፣ በውርጩ ነገር ረትተኸኛል። ያንተ ልጅ መሥሪያ ቤት ተጽፎ አገኘሁት።»

ሁሴኖ ጥርሱ ታየ። «እውነት ተጽፏል?»

«ተጽፏል። አንተን የመሰከረልህ መዝገብ ከብትህን አይከዳም፤ በል አውጣቸው።»

ሁሴኖ እየሳቀ ወደ ሸለቆው ወረደ። እሱን ያየ ሁሉ ተከተለ፤ እስከ ማታ መስኩ በከብት ሞላ።

ሰው መንግሥትን አታለልሁ ሲል ራሱን ማታለሉን ይረሳል። ያልተጻፈ ገበሬ ሲታመምም ሲራብም የሚያስታውሰው የለም። የተጻፈ ግን ክትባቱን፣ ዘሩን፣ ድልድዩን መብቴ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ የጻፉትም ልክ ካልሆነ አንብቡልኝ ብሎ ያርማል። ይህን አቶ ይርሳው ከማንም በላይ ተረድተውት ነበር፤ በበሽታው ከሰፈሩ የሞተው ያን ዕለት ታሞ የነበረው ብቻ ነው፤ ከእሳቸውም አንዲት ጊደር።

ወር ካለፈ በኋላ ሰኪና ቀና ስትል አቶ ይርሳው መዝገብ ክፍሉ በር ላይ ቆመዋል። ማንም አልጠራቸውም።

«አንዲት ጊደር ሞታብኛለች፣ አንዲት ጥጃ ተወልዳልኛለች። ጻፊልኝ።»

«ታዲያ ቁጥሩ ያው አሥራ ሰባት አይደል እንዴ አባባ?»

«ያው ነው። ቢሆንም እውነቱ ይጻፍ።» ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደሞ የዘንድሮውን ዝናብ አስነብቢልኝ፣ አባትሽ ሳይቀድመኝ።»