የወይዘሮ ሠርክአዲስ ወንዳወቅ ሕይወትና ያልተቆለፈው በር

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ ደጀ ሰላም አብራችሁን የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የወይዘሮ ሠርክአዲስ ወንዳወቅን ዜና ሕይወት አጠር አድርገን እናሰማችኋለን። እሳቸው ረጅም ንግግር አይወዱም ነበር፤ ከዘጠና ደቂቃ ያለፈ ነገር ሁሉ ዳኛው የረሳው ነው ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ሠርክአዲስ ከአባታቸው ከአቶ ወንዳወቅ ላቀውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ይታገሱ በ1957 ዓ.ም. በቡሬ ዙሪያ ገጠር ተወለዱ፤ በክርስትና ስማቸውም ወለተ ሥላሴ ተባሉ። ቡሬ ከተማ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ አሥረኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ አባታቸው ታመው የእህል ንግዱን የሚይዝ ሰው በመጥፋቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው እህል ተራ ገቡ። ከዚያ ገበያ ያተረፉት ትልቁ ነገር ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ በኋላ ብዙ የመስመር ዳኞች አውቀውታል።

በ1979 ዓ.ም. ከአቶ ተስፋው ቂርቆስ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ወደ ፍኖተ ሰላም መጡ። አቶ ተስፋው በዚያን ጊዜ የፍኖተ ሰላሙ የላህ ወንዝ እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበሩ። እሳቸው በረኝነቱን ቢተዉም ባለቤታቸው ደጋፊነቱን አልተዉም። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በተገናኙ ቁጥር ወንድሞቻቸው፣ «እታለም፣ ቡሬ አሳድጎሽ ለፍኖተ ሰላም ታጨበጭቢያለሽ?» እያሉ ሲተርቧቸው፣ «እኔ ያገባሁት ከነቡድኑ ነው» ይሏቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ክንፈሚካኤል የተባለው የቡድኑ አጥቂ ልምምድ ላይ ሳለ ማንም ሳይነካው ወደቀ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲበሩ ራሱን በጭናቸው ላይ ይዘው የሄዱት ወይዘሮ ሠርክአዲስ ነበሩ። አልተረፈም። ሐኪሙም፣ የቆመን ልብ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰው ዲፊብሪሌተር የሚባል መሣሪያ ሜዳው ላይ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ይተርፍ እንደነበር ነገሯቸው። ያችን «ምናልባት» ይዘው ያላንኳኩት ቢሮ፣ ያልጨቀጨቁት የአገር ተወላጅ የለም። በስንት ልመና መሣሪያው መጣ፤ አንዲት ነርስም አጠቃቀሙን ለደጋፊዎች አስተማሩ። ቡድኑም የልብ ማሽን ያለው ሆነ።

ይሁን እንጂ የቡድኑ ኮሚቴ ውድ ዕቃ ነው ብሎ ሜዳው ዳር ባለው ቢሮ ውስጥ ቆለፈበት። ወይዘሮ ሠርክአዲስ፣ «ልብ ሲቆም ቁልፍ ያዥ ፍለጋ ሊኬድ ነው?» ብለው ተሟገቱ። «እትዬ፣ ክፍት ከሆነ አንድ ቀን አያድርም» ተባሉ።

በ2014 ዓ.ም. ከቡሬ ቡድን ጋር ጨዋታ ነበር። እንድሪያስ የሚባለውን የቡሬ ተከላካይ፣ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምረው «አንተ የግራር ጉቶ፣ ለሰው መንገድ ልቀቅ» እያሉ ሲሰድቡት የዋሉት እሳቸው ናቸው። እረፍት ሳይደርስ እንድሪያስ ተዘርግቶ ወደቀ። ቁልፉ ግን በኮሚቴው ሊቀ መንበር በአቶ ስመኘው ኪስ ነበር፤ አቶ ስመኘውም ገጠር ለቅሶ ሄደው ነበር። ሰው ሁሉ ስልክ ሲደውል ወይዘሮ ሠርክአዲስ ድንጋይ አነሡ። ጓጉንቸሩን ሰብረው፣ ማሽኑን አውጥተው፣ ደረቱን ሲጫኑ ከነበሩት መሐል ገብተው እንደተማሩት አደረጉ። እንድሪያስ ተነፈሰ። ዓይኑን ሲገልጥም፣ «ተነሥ እንጂ፣ ሁለት ለባዶ እየመራናችሁ ነው» አሉት። ውጤቱ ግን አንድ እኩል ነበር።

በሳምንቱ በር ሰብረዋል፣ ኮሚቴውንም ደፍረዋል ተብለው በሽማግሌ ተጠሩ፤ እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ እንዲሉም ተነገራቸው። ተሸክመው መጡ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ሊሉ ብድግ ሲሉ፣ ወይዘሮ ሠርክአዲስ ድንጋዩን ከቢሮው ደጃፍ አስቀምጠው፣ «ይቅርታ ልጠይቅበት አይደለም። እንደገና የምትቆልፉ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ሰው ድንጋይ ፍለጋ እንዳይንከራተት ብዬ ነው» አሉ። አቶ ስመኘው ተነሥተው የጓጉንቸሩን ማጠፊያ በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ከዚያ ወዲህ በሩ ተቆልፎ አያውቅም፤ ማሽኑንም የነካው ሌባ የለም። በቀብር ላይ ስለ ሟች ይቅርታ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ስለዚያ በር ግን እሳቸውም አልጠየቁም፣ ቤተሰቡም ዛሬ አይጠይቅም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ልባቸው እስከ መጨረሻው ጤነኛ ነበር። አልጋ ላይ ሳሉ ቢሮው እንደገና ይቆለፍ የሚል ወሬ ሰምተው ልጆቻቸውን ጠርተው ተናዘዙ፤ ለእሳቸው ሐዘን ተብሎ ጨዋታ እንዳይቀር፣ ቢሮውም እንዳይዘጋ። «እኔን ልትቀብሩ በሩን ዘግታችሁ አንድ ሰው ቢሞት፣ ያን ጊዜ በደንብ ገደላችሁኝ» ነበር ቃላቸው። ባለፈው ዓርብ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ወይዘሮ ሠርክአዲስ ባለቤታቸውን አቶ ተስፋውን፣ ልጆቻቸውን ሰብለን፣ ሕሊናንና ላቀውን፣ የልጅ ልጆችን፣ እስከ ዛሬ የሚተርቧቸውን የቡሬ ወንድሞቻቸውንና እንድሪያስን ትተው ሄደዋል። እንድሪያስ ዛሬ በመካከላችን የለም። ቀብር ቀረ ብላችሁ እንዳታሙት፤ ጧት ከቡሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቶ አስከሬናቸውን ተሰናብቶ፣ ሁላችንም እዚህ ስለሆንን ሜዳው ላይ የሚጫወቱት ልጆች ብቻቸውን እንዳይሆኑ በተከፈተው ቢሮ ደጅ ቆሟል። ለመቆለፍ ያሰበ ካለ እዚያው ያገኘዋል።

እግዚአብሔር አምላክ የወለተ ሥላሴን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር በሰላም ያኑርልን፤ ለቀረነውም ያንን በር ከፍተን የምናቆይበት ጉልበት ይስጠን። አሜን።