ሥራ ፈቱ ባል

ደሴ፣ ረፋድ ላይ፤ አከራይዋ እትዬ ውዳላት አንድ ጥንድ ትልቅ የወንድ ጫማ አንጠልጥለው በተከራያቸው በብሌን በር ላይ ቆመዋል።

ውዳላት፦ ቤቱን ያከራየሁት ላንዲት ሴት ነው! ይኼ ጀልባ የሚያህል ጫማ የማን ነው? ዛሬውኑ ትናገሪያለሽ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ትለቂያለሽ።

ብሌን፦ እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ይግቡ።

ውዳላት፦ አልገባም! ሰውየው ሱሪውን ሳይታጠቅ ብደርስበትስ?

ብሌን፦ ኧረ ማንም የለም!

ውዳላት፦ ጫማው ብቻውን እየተራመደ መጣ በይኛ! ከመስቀል ጀምሮ ጫማው በርሽ ላይ ነው፤ ሰውየውን ግን ሲገባ አላየሁት፣ ሲወጣ አላየሁት። ሥራ የለውም?

ብሌን፦ የለውም።

ውዳላት፦ እኔን! ሥራ ፈት ነው የምትቀልቢው?

ብሌን፦ አይበላም እኮ።

ውዳላት፦ ይጠጣላ!

ብሌን፦ አንድም ቀን ቀምሶ አያውቅም።

ውዳላት፦ እንዲህ ያለ ወንድማ አልተፈጠረም።

ብሌን፦ አልተፈጠረም እኮ ነው የምልዎ! ጫማውን ከሰልባጅ ተራ ገዝቼ ነው። ያን ሰሞን አንድ ማታ ሰው የበሬን እጀታ ሲነቀንቅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። «ወንድ አለ» ብሎ እንዲያልፍ ብዬ…

ውዳላት፦ ታዲያ ሰው ምን ይላል? «የውዳላት ግቢ ወንድ ይመላለስበታል» አይልም?

ብሌን፦ ጅብ ከሚበላኝ ጅብ በልቼ ልቀደስ ብዬ ነዋ።

ውዳላት፦ እኔን አትጠሪም ነበር?

ብሌን፦ እርስዎም እንደኔው ብቻዎን።

ውዳላት፦ ማን? እኔ ዘነዘና አቅፌ ነው የማድረው!

ብሌን፦ ይፈራሉ እንዴ እትዬ?

ውዳላት፦ እኔ ምን እፈራለሁ! ዘነዘናው ብቻውን እንዳይፈራ ነው።

ብሌን፦ እሱስ እውነትዎን ነው፤ ፈሪ ለእናቱ።

ውዳላት፦ አትሳቂ! የባሌን ጫማ በተዝካሩ ለነዳያን ሰጠሁት። እሱ ቢሄድ ጫማው ይጠብቀኛል ብዬ መች አሰብኩ።

ብሌን፦ … ይቅርታ እትዬ።

ውዳላት፦ ምን ይቅርታ አለው። ይልቅ ባልሽን እዪው፤ ሸረሪት አድርታበታለች! ይኼን ያየ ሌባ ለቅሶ ይደርስሻል እንጂ ይፈራል? ጭቃ ቀባ፣ ቦታ ለወጥ አድርጊው።

ብሌን፦ አልለቅም ማለት ነው?

ውዳላት፦ ትቆያለሽ። ግን እሱ አንድ ሳምንት ባንቺ በር፣ አንድ ሳምንት በእኔ በር ያድራል።

ብሌን፦ እንዴ እትዬ! ሰው ምን ይላል?

ውዳላት፦ ይበል እንጂ! እንዲል አይደል እንዴ የምንፈልገው!