የሞተ ሳይኖር የተጣለ ድንኳን

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሙሉነሽ ተክለወልድ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የልብስ ንግድ
አድራሻ፦ ሆሳዕና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የእድር ድንኳን ያለፈቃድ ስለመውሰድ

ከሳሹን የእድራችንን ሰብሳቢ አቶ ኃይለመለኮትን፣ ተጠርጣሪውንም የእድሩን ንብረት ጠባቂ ነስሩን በጉርብትና አውቃቸዋለሁ። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም። ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር ስጠየቅ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ትናንት ሐምሌ 21 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሱቄን ልከፍት ስወጣ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የእድራችን ድንኳን ተጥሎ አየሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ስላደረ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ይህ ድንኳን ከተጣለ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ በሐምሌ ሠርግ የሚደግስ የለም። ጥሩምባ ሲነፋ አልሰማሁም፤ በዝናቡ ጩኸት አልፎኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጎረቤታችን አቶ ሲላስ ታመው መሰንበታቸውን ስለማውቅ፣ ሟቹ እሳቸው መሆን አለባቸው ብዬ ደመደምኩ። ወደ ቤት ተመልሼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ከሩቅ ጀምሬ ስማቸውን እየጠራሁ እያለቀስኩ ሄድኩ። ለቅሶ ላይ ሰነፍ አይደለሁም፤ ድምፄን የሰሙ ጎረቤቶችም ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ እየያዙ ተከተሉኝ።

ድንኳኑ ደጃፍ ስደርስ አቶ ሲላስ ራሳቸው ጋቢ ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። እሳቸውም ሰው ሞተ ብለው ለቅሶ መምጣታቸው ነበር። "አንቺ ሙሉነሽ፣ ገና ሳልሞት ምን አጣደፈሽ?" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደ ውስጥ ስንገባ ሐዘንተኛ የሚባል አልነበረም። በመናኸሪያው አካባቢ በየበረንዳው የሚያድሩት ሰዎች በደረቅ የእንሰት ቅጠልና በእድሩ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተው ተኝተዋል። ከመካከላቸው ታንጉት የምትባለውን አራስ አውቃታለሁ፤ ሕፃኗን ጉያዋ ውስጥ ሸሽጋ ነበር። ነስሩ መግቢያው ላይ የጎርፍ መውረጃ በአካፋ ይቆፍር ነበር።

"ነስሩ፣ ማን ሞቶ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። "ሳዲቅ ነው፣ እትዬ" አለኝ። ሳዲቅ መናኸሪያው ውስጥ ዕቃ በመሸከም የሚተዳደር፣ በተዘጋ መጋዘን በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ነበር። ባለፈው ሳምንት በብርድ ደርቆ ሞቶ መገኘቱንና የመስጊድ ሰዎች ወስደው መቅበራቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ይህንኑ ለነስሩ ስነግረው፣ "አዎ፤ ያኔ ድንኳን ስላልተጣለ አልመጣችሁም" አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። እኔም ለአቶ ሲላስ ብዬ የጀመርኩትን ለቅሶ ለሳዲቅ ጨረስኩት። ለቅሶ የገባ ሰው ሳይቀመጥ አይወጣምና ሁላችንም ተቀመጥን፤ ዳቦውና ሻዩም ለነታንጉት ተዳረሰ።

ጥቂት ቆይተው አቶ ኃይለመለኮት መጡ። ድንኳኑ የአባላት ንብረት መሆኑን፣ ያለ ኮሚቴው ውሳኔም መውጣት እንደማይችል ተናገሩ። "ዛሬ ከአባላት አንዱ ቢሞት ምን ልንጥል ነው?" አሉ። በደንቡ ከሄድን አልተሳሳቱም። አቶ ሲላስ ግን፣ "ከሁላችሁ ለዚህ ድንኳን የምቀርበው እኔ ነኝ። እኔ አልቸኮልኩም፤ ክረምቱ እስኪወጣ ይደሩበት" ብለው መለሱላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ኃይለመለኮት አልሳቁም፤ ወደዚሁ ፖሊስ ጣቢያ መጥተው አመለከቱ።

ነስሩ ድንኳኑን ያወጣው ሳያስፈቅድ ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ፦ አዎ፣ ሳያስፈቅድ ነው። እዚህ ላይ አልዋሽለትም። ነገር ግን ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንዴ ነው፤ ብርዱ ደግሞ ስብሰባ አይጠብቅም። በድንኳኑ ላይ የደረሰ ጉዳት አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፦ የለም። እንዲያውም ዕቃ ቤት ተቀምጦ አይጥ የበላውን ጥጉን ነስሩ ሰፍቶታል።

ድንኳኑ ለኤግዚቢትነት ዛሬውኑ ተነስቶ ጣቢያ እንደሚገባ ቃሌን የሚቀበሉኝ መርማሪ ነግረውኛል። ስለዚህ አንድ ነገር አመለክታለሁ። ድንኳኑ ማስረጃ ከሆነ፣ ሥሩ ያሉት ሰዎችም ማስረጃ ናቸውና፣ ታንጉት ከነሕፃኗ፣ ሌሎቹም አንድ ሳይቀሩ፣ አብረው ጣቢያ ይግቡልኝ። ጣቢያው ጣራ አለው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ይኸው እየሰማሁ ነው።

ከዚህ ሌላ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። ቃሌ ሲነበብልኝ እኔው ያልኩት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሐሰት ቢገኝበት የምጠየቅበት መሆኑን አውቄ በፊርማዬ አጽንቻለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሙሉነሽ ተክለወልድ

ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ያሲን ላምቤቦ፣ ፊርማ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ድንኳኑ ሊነሳ ታዝዞ የነበረው ቀርቶ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ፣ ድንኳኑም ባለበት እንዲቆይ ተደርጓል።