ልጓሙ የወለቀለት ፈረስ

ከዳንግላ ወደ ቆሰበር በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ወጣት ፖሊስና አንዲት እናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«ገዳዩ ገና አልተያዘም፣ እማማ። ጠባዩን ግን አውቀነዋል።»

«ሳታዩት? ጠንቋይ ሆናችሁ እንዴ ልጄ?»

«ቦታው ይናገራላ! ሌባ ቢሆን የሟቹን ፈረስ ይዞ ይሄድ ነበር። ይኼኛው ግን ልጓሙን አውልቆ፣ ሣር ያለበት ቦታ አስሮለታል።»

«ከነልጓሙ ቢያድር ይራባላ።»

«አዩ! እንዲህ የሚያስብ፣ ፈረስ ወዳድ ነው። ሰውዬውንም ያውቀዋል፤ የራሱን ጋቢ አውልቆ ፊቱን ሸፍኖታል። ንዴት ነው እንጂ ጭካኔ አይደለም። አሁን እህል የሚወርድለት አይመስለኝም።»

«አይወርድለትም።»

«ምን አሉኝ?»

«ራሱ መጥቶ እጁን ቢሰጥ፣ ቅጣቱ ይቀልለታል?»

«ይቀልለታል፣ እማማ።»

«እንዳትዋሸኝ። አንተም እናት አለችህ።»

«እናቴን! ይቀልለታል።»

«እንግዲያው ቆሰበር ስንደርስ አትለየኝ። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋቢም የለው፣ እህልም አይል። አብረን ሄደን እናምጣው፤ ብቻዬን አልቻልኩም።»

ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

እኔ መውረጃዬ ከቆሰበር በፊት፣ አዲስ ቅዳም ነበር፤ ሳልወርድ እስከ ቆሰበር አብሬያቸው ሄድኩ።