የዓሣ አንበሪው ጉሮሮ

እማማ ለተብርሃን ልጃቸው ባሕር ላይ ከቀረ ስድስት ዓመት ሆነው። ሬሳውን አላየሁም ብለው፣ ቅዳሴ ላይ ስሙን የሚያስጠሩት ከመንገደኞች ጋር እንጂ ከሙታን ጋር አልነበረም። ዘንድሮ በነነዌ ጾም፣ የዮናስን ታሪክ ሰምተን እንደወጣን፣ እዚሁ ሮም ወዳለች የድሮ ዓሣ አንበሪ አዳኞች ሙዚየም ውሰደኝ አሉኝ። ሁለት ክፍል ናት። ጦሩንም ጀልባውንም ዞር ብለው አላዩትም። ትልቁ የዓሣ አንበሪ መንጋጋ ሥር ቆሙና፣ «ሰው ከዋጠ ስንት ቀን ያቆየዋል? ጠይቅልኝ» አሉ።

ምን ላድርግ፣ ጠየቅኩላቸው። አስጎብኚው ደግ ሽማግሌ ነው፤ ፈገግ አለ። «እንግዲህ፣ ይሄኛው ዓሣ አንበሪ ሰው መዋጥ አይችልም። ጉሮሮው ይህችን ያክላል» ብሎ ጡጫውን ጨብጦ አሳየን። ይሄን በምን አፌ ልተርጉመው? «የእግዚአብሔር ሥራ አይታወቅም ይላል» ብዬ ዋሸሁ። እማማ ጡጫውን ትክ ብለው አዩት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ቲቡርቲና ፌርማታ ደረሰ። ልንወርድ ስንል ክንዴን ያዙኝ። «ጣሊያንኛ ባይገባኝም እጁን አይቻለሁ፣ ልጄ። ለቄሱ ንገርልኝ፤ ከእንግዲህ ስሙን ከሙታን ጋር ይጥሩት።»