ጅቡ ሲጮህ ማን ጎደለ?

ይሄን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። በንጉሡ ጊዜ አምደወርቅ ላይ አመሻሽ አመሻሹን ጎልማሶችን ፊደል አስተምር ነበር። አንድ ቀን ማረሻ የሚሠሩልንን ቤተ እስራኤላዊ፣ አያ ተገኘን፣ ስለ ወገናቸው እንዲያስተምሩን ጋበዝኳቸው። የሰፈሩ ደብተራ ይህን ሲሰማ፣ "ቡዳ እኮ ነው! ጅብ ሆኖ ይበላችኋል!" ብሎ ጮኸ። እሱ ራሱ ግን ሊሰማ መጥቶ በሩ ሥር ተቀመጠ።

አያ ተገኘ ከእኛ ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ ኦሪትን በግእዝ እንደሚያነቡ፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት አጥፍተው ሰንበትን እንደሚቀበሉ ነገሩን። ሲጸልዩ ወደ ኢየሩሳሌም እንደሚዞሩ እያወሩን ሳለ፣ ከጓሮ በኩል ጅብ ጮኸ። የሁላችንም ዓይን እሳቸው ላይ ተተከለ።

"እኔማ ይኸው እፊታችሁ ነኝ" አሉ ረጋ ብለው። "ይልቅ እርስ በርሳችሁ ተያዩ። ማን ጎደለ?"

ኩራዙን አንሥቼ ዞር አልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ደብተራው የለም፤ ከተቀመጠበት ነጠላው ብቻ ቀርቷል።

ጅቡ ደገመው፤ አሁን ከደጃፉ ነው።

"በሩን ዝጉት እንጂ!" አለ አንዱ። ማን ይነሣ? መምህር ተብዬው እኔ ጭምር፣ ሁላችንም ተንፏቀን ከአያ ተገኘ ጉያ ገባን።