ጓዳ የተደበቀችው ተማሪ

የኮሌጃችን ዋና በር በአስፋልቱ በኩል ነው። ተማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በኋላ በር፣ የጋራዡን አጥር ታክኮ ነው። በዚያ ግቡ ያለው የለም፤ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ብሎ ነው። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ወደምሠራበት ሬጅስትራር ቢሮ ስመለስ፣ አንዲት ሴት ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው በዚያ በር ተለጥፈው አየሁ። በአቋቋማቸው አወቅኋቸው፤ መጋረጃ ሰፊዋ አክስቴ ናቸው።

«አክስቴ! ምነው በደህና?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያስጮህሻል!» ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ። «አንቺኑ ፈልጌ ነው። የልጅቷ ነገር…»

«ምን ሆነች? ዩኒቨርሲቲው አልተስማማትም?»

«የምን ዩኒቨርሲቲ? ጓዳ ናት።»

«የማን ጓዳ?»

«የኔ ነዋ! የማን ይሆናል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ውጤት ሳይወጣ ልጄ አልፋለች ብለው ለሰፈሩ አወሩ። ውጤቱ ሲመጣ ጥቂት ነጥብ ጎደላት። ያወሩትን መመለስ ስላቃታቸው ሻንጣ ገዝተው፣ ጎረቤት እያየ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት፤ ሲመሽ መልሰው አስገቧት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ለሰፈሩ ሩቅ አገር ትማራለች፤ በእውነቱ ግን የመጋረጃ ጠርዝ እየቀመቀመች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሿን ትውጣለች። እኔም የሥጋ ዘመዷ፣ «በርቺ» የሚል መልእክት ልኬላት ነበር።

«አሁንስ ምን ልርዳዎት?»

«እዚሁ ካልገባሁ ብላ አስጨነቀችኝ። ይሁን ብያለሁ። ብቻ የተመዝጋቢ ስም በር ላይ ስትለጥፉ የሷን ዝለሉልኝ። አንድ ስም ብትዘሉ ምን ትሆናላችሁ?»

«ሰርቃ ነው እንዴ የምትደበቀው?»

«ከዚያ በምን ይሻላል? የወዳቂ ማጠራቀሚያ ነው የሚሉት ይሄንን ቤት። እናትሽስ ብትሆን ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች ትላለች እንጂ፣ እዚህ ስም ትጽፋለች ስትል ሰምተሻታል?»

ጆሮዬ ጋለ። እናቴ እንዲያ እንደምትል አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አላረምኋትም።

«እምቢ ካልሽ» አሉ አክስቴ ማፈሬ ልብ ሰጥቷቸው፣ «የስፌት መኪናዬን ሸጬ ሌላ ከተማ የግል ዩኒቨርሲቲ እልካታለሁ።»

«መኪናው ተሽጦ የአንዱን መንፈቅ ቢከፍል ነው። የሚቀጥለውን በምን ሊከፍሉ ነው? በመርፌ? የዚህ ቤት የዓመት ክፍያ እኮ እርስዎ ለአንድ ሆቴል መጋረጃ ሰፍተው የሚያገኙት ነው። ከቤቷ በእግሯ ትመጣለች፤ ኪራይ የለባት፣ ቀለብ የለባት። ሁለት ዓመት ሂሳብ አያያዝ ተምራ ጥሩ ውጤት ካመጣች ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ዓመት ላይ ይቀበላታል።»

«ከማን ጋር ተቀምጣ? ከዱርዬ ጋር?»

ትዕግሥቴ አለቀ። እጃቸውን ይዤ ነባሮቹ ወደሚማሩበት ክፍል ወሰድኋቸውና በመስኮቱ አሳየኋቸው። የሆስፒታል የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ የመጣች ረዳት ነርስ አለች። የታክሲ ሹፌር አለ፤ ልጇን ታቅፋ የምትጽፍ እናት አለች፤ ጢም ያላበቀሉ ልጆችም አሉ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

«ያያሉ ባዶውን? አዲስ ተመዝጋቢ አንሶ የሂሳብ አያያዙ ትምህርት ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ሰው ጠልቶን አይደለም። አፍሮብን ነው።»

አክስቴ አልሰሙኝም። ዓይናቸው ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተተክሏል። እዚያ የተቀመጡት ሴት ደብተራቸውን ፊታቸው ላይ ጋርደዋል፤ ግን ዘግይተዋል።

«ሬዲዮ!» አሉ አክስቴ።

ሬዲዮ ጎረቤታቸው ባለሱቋ ናቸው። ቅጽል ስሙ ወሬ ስለማያድርባቸው የወጣላቸው ነው፤ አክስቴ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አብልጠው የሚፈሩት እሳቸውን ነው። ደወሉ ሲደወል ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

«እህትሽ እንዴት ሆነች?» አሉ አክስቴ። «ጠዋት ጠዋት የታመመች እህቴን ልጠይቅ ነው ስትይ አልነበር?»

«እህቴማ ከኔ ትሻላለች። በዚህ ዕድሜዋ ደብተር ያዘች ብለው ይስቁብኛል ብዬ ነው።» ቀና አሉ። «ያንቺዋስ? ትምህርት እንዴት ይዟታል?»

«ደህና… ደህና ናት።»

«ግድግዳችን እኮ አንድ ነው፤ ስታለቅስ እሰማታለሁ።»

አክስቴ ዞር ብለው የሰማ ሰው እንዳለ አዩ።

«ላንዲት ነፍስ አልተነፈስሁም» አሉ ባለሱቋ። «እንደሰማሁ ልንገርሽ እልና፣ አንቺ ራስሽ የት ትውያለሽ ብትዪኝስ እላለሁ። ልጅቷ እዚያ እያለቀሰች ለራሴ ሐፍረት ዝም አልሁ።»

አክስቴ ያፈሩት ያን ጊዜ ነው፤ በኮሌጁ ግን አልነበረም፤ ልጃቸውን በመደበቃቸው እንጂ። ሳይሰናበቱን ወደ ቤታቸው ገሠገሡ። ቢሮው ሳይዘጋ ልጅቷን ይዘው ይድረሱ ብዬ ተከተልኋቸው።

አክስቴ ከጓዳ ጠርተዋት ልጅቷ ነጠላ ጫማ አድርጋ እደጃፉ ስትወጣ ጎረቤቶች ከበቧት። «መቼ መጣሽ? ዕረፍት ነው?» አሏት። መሬት መሬት አየች።

«ከየትም አልመጣች» አሉ አክስቴ። «እዚሁ ነበረች። የደበቅኋት እኔ ነኝ።»

የሳቀ አልነበረም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ከቤት ደጃፍ ያለ ትምህርት ቤት ኪስ አያራቁትም፣ የእናትን የእንጀራ መኪና አያሸጥም፣ ሹፌሩንም ባለሱቋንም አይመልስም፤ ሰው ሳያፍር ሲገባበት ደግሞ ክፍሉ አይዘጋም፣ የሚቀጥለውም ልጅ ቦታ ያገኛል። ይህን ሳወራ እውነቱን እናቴንም እንደምነግራት ለራሴ ማልሁ።

ልጅቷ ፀሐዩ ስለወጋት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ መንገድ እንደረሳ ሰው ቀስ እያለች ሄደች። አክስቴ ከኋላዋ እየተከተሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ላገኙት መንገደኛ ሁሉ «ልጄ ናት፣ ኮሌጅ ልትመዘገብ ነው» ይሉ ነበር።